ገመናና ምስጢር፦ «ፐርፕል ሂቢስከስ»ን ስናነብ

ስለ አንድ ልቦለድ ላወራችሁ ነው። ከመጽሐፉ በፊት ግን ሁለት ቃላት ላስቀድም። አንዱ ምስጢር ነው፣ ሌላው ገመና። በወሬ መሃል ብዙ ጊዜ እናቀላቅላቸዋለን። ለዛሬው ጉዳይ ግን ልዩነታቸው ዋና ነገር ነው።

ምስጢር አንዱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ነገር ነው። ያልሰማው ሰው የሰማ ዕለት ያልቅለታል። ገመናን ግን ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። አባት ያውቃል፣ እናት ታውቃለች፣ ልጆች ያውቃሉ፣ የቤት ሠራተኛዋ ታውቃለች። አንዳንዴ ጎረቤትም ሰምቷል። ማንም ግን አያነሳውም። ሁሉም በአንድነት ይሸፍነዋል። «ገመናዬን ሸፈነልኝ» የምንለው ለዚህ ነው። ስለ ምስጢር ግን «ጠበቀልኝ» እንላለን እንጂ «ሸፈነልኝ» አንልም።

የቤተሰብ ምስጢር ያለበት ልቦለድ ነው ሲባል አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ዓይነት እንጠብቃለን። የልጁ እውነተኛ አባት ማን ነው? ደብዳቤውን ማን ደበቀው? እንደዚያ የተጻፉ ግሩም መጻሕፍት አሉ። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በተከታታይ ያወጣው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» አንዱ ነው። ፒፕ የሚባል ድሃ ልጅ ከማን እንደሆነ የማያውቀው ገንዘብ ይመጣለታል። ሀብታሟ ሚስ ሃቪሻም ናት የምትረዳኝ ብሎ ያምናል። ረጂው ግን ፒፕ ልጅ ሳለ መቃብር ቦታ ያገኘው፣ ምግብ ከቤት ሰርቆ ያበላው እስረኛ ሆኖ ይገኛል። ይህ በደንብ የተቋጠረ ምስጢር ነው። ቋጠሮው ሲፈታ የፒፕ ሕይወት ይገለበጣል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን የገመና ልቦለድ ነው። ናይጄሪያዊቷ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ፣ «ፐርፕል ሂቢስከስ» ይባላል። ሐምራዊ ሂቢስከስ ማለት ነው። ሂቢስከስ የኛ ሰው እያፈላ የሚጠጣው የከርከዴ ዘመድ የሆነ አበባ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2005 የኮመንዌልዝ ደራስያን ሽልማትን በምርጥ የመጀመሪያ መጽሐፍ ዘርፍ አሸንፏል።

መጀመሪያ ሳነበው በተሳሳተ መንገድ ነበር ያነበብኩት። ምስጢሩ የት ጋ ነው የሚገለጠው እያልኩ ገጽ በገጽ ሮጥኩ። መቶ ገጽ ሄጄ ገና እጠብቃለሁ። ለካ ነገሩ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እኔ እንዲነገረኝ እየጠበቅኩ ነበር። ተራኪዋ ግን አትናገርም፤ እንዳትናገር ሆና ነው ያደገችው።

የሆሳዕና እሑድ

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቦታው ኤኑጉ ነው፣ ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ። ተራኪዋ ካምቢሊ የ15 ዓመት ልጅ ናት። ጃጃ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። አባታቸው ዩጂን ባለፋብሪካ ነው፤ ብስኩትና ጭማቂ ያመርታል። የወታደር መንግሥቱን ሳይፈራ የሚተች ጋዜጣም አለው። ጽኑ ካቶሊክ ነው። የስንቱን ድሃ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍላል። ቄሱ በስብከታቸው መሃል ስሙን እያነሱ ያመሰግኑታል። ለሰብዓዊ መብት በመቆሙ ሽልማት ሁሉ ተሰጥቶታል።

ይኸው ሰው ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል።

ይህን በመናገሬ ታሪኩን አላበላሸሁባችሁም። መጽሐፉ የሚከፈተው በሆሳዕና እሑድ ነው። ጃጃ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆርብም ይላል። አባትየው ትልቁን የቅዳሴ መጽሐፍ ይወረውራል። መጽሐፉ ጃጃን ይስተውና መደርደሪያው ላይ የቆሙትን ትንንሽ የሸክላ ባሌሪናዎች (የባሌ ዳንስ የሚደንሱ ሴቶች ምስሎች) ይሰባብራቸዋል። ካምቢሊ ስለ እነዚህ ባሌሪናዎች ትነግረናለች። እናቷ እየወለወለች ነው የምትይዛቸው። በእያንዳንዷ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ትቆያለች። መቼ መቼ እንደምትወለውላቸው ግን ልብ በሉ። ከላይ፣ ከወላጆቿ መኝታ ቤት፣ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ነው። መጨረሻ የወለወለቻቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ ያኔ ዓይኗ አብጦ ጠቁሮ ነበር።

ካምቢሊ አባቴ እናቴን መታት አትልም። ድምፅ ነበር ትላለች። እናቴ ባሌሪናዎቹን ወለወለች ትላለች። ዓይኗ አብጦ ነበር ትላለች። ሦስቱን የሚያገናኘውን ዐረፍተ ነገር አትጽፈውም። እሱን እናንተ ናችሁ የምትጽፉት፣ በሆዳችሁ።

የመጽሐፉ ዋና ጥበብ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ያየችውና ስም የሰጠችው

በእኛ ትምህርት ቤት ይህ ነገር የትረካ አንጻር ይባላል። ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው? ከየት ቆሞ ነው የሚያየው? «ፐርፕል ሂቢስከስ» በአንደኛ መደብ የተተረከ ነው፤ «እኔ» እያለች የምታወራው ካምቢሊ ናት። ግን ካምቢሊ አንድ ብቻ አይደለችም። ነገሩ ሲደርስ የነበረችው ልጅ አለች፣ 15 ዓመቷ። ቆይታ ታሪኩን የምትተርከው ደግሞ አለች፣ 18 የሞላት። ትልቋ ካምቢሊ ሁሉን ታውቃለች። ብትፈልግ ጣልቃ ገብታ «ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር እንጂ ነገሩ እንዲህ ነው» ልትለን ትችላለች። እምብዛም አታደርገውም። ትንሿን በራሷ አፍ እንድታወራ ትተዋታለች።

በአንደኛ መደብ የሚተረክ የዕድገት ልቦለድ ሁሉ በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው የሚኖረው። የዕድገት ልቦለድ የምለው የአንድን ልጅ ወደ አዋቂነት የሚደረግ ጉዞ የሚከተለውን ዓይነት ነው። ጀርመኖች ቢልዱንግስሮማን ይሉታል። የዘርፉ አባት ተብሎ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1795 እና 96 ያሳተመው የቪልሄልም ማይስተር ታሪክ ነው። በድሮዎቹ መጻሕፍት ልጁ ከቤት ወጥቶ ዓለምን ዞሮ፣ ተሳስቶ፣ ተምሮ ቦታውን ያገኛል። ካምቢሊ ግን ሩቅ አትሄድም። አክስቷ ቤት ነው የምትሄደው። የምታድገው በእግሯ ከሄደችበት ይልቅ ላየችው ነገር ስም መስጠት በመቻሏ ነው።

አንድ ትዕይንት በቅርብ ልውሰዳችሁ። እናትየዋ ነፍሰ ጡር ናት። ካምቢሊ ክፍሏ ውስጥ ሆና ከወላጆቿ በር ላይ ከባድ ድምፅ ትሰማለች፤ ነገር የሚላተም ዓይነት። ወዲያው በሐሳቧ አንድ ነገር ትፈጥራለች፦ በሩ ተጣብቆ ይሆናል፣ አባቴ ሊከፍተው እየታገለ ይሆናል። አጥብቄ ካሰብኩት እውነት ይሆናል ብላ ታስባለች። ቁጭ ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መቁጠር ትጀምራለች። 19 ላይ ስትደርስ ድምፁ ይቆማል።

ትወጣለች። ጃጃም ከክፍሉ ይወጣል። አባታቸው እናታቸውን እንደ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ይወርዳል። ሁለቱ ልጆች ቆመው ያያሉ። ጃጃ ወለሉ ላይ ደም አለ ይላል፤ ብሩሽ ላምጣ ይላል። እሱ ይፈትጋል፣ እሷ ትወለውላለች።

ቁጥሩን ተመልከቱት። አንዲት ልጅ ድምፅ ስትሰማ መቁጠር የምትጀምረው ከዚህ በፊትም ቆጥራ ስለምታውቅ ነው። ይህን በግልጽ የሚነግረን የለም። ወንድሟ ደም አይቶ «ምን ሆነች?» ብሎ አይጠይቅም፤ ብሩሹ የት እንዳለ ያውቃል። ይህንንም የሚነግረን የለም። ደራሲዋ ዓመታትን በአንድ ቁጥርና በአንድ ብሩሽ ነገረችን።

እናትየዋ ከሆስፒታል ትመለሳለች። ፅንሱ የለም። ከዚያ አባት ቤተሰቡን ሰብስቦ ለእናት ይቅርታ የሚለመንበት ጸሎት ያስጸልያል። ለእሷ ይቅርታ! ካምቢሊም እናቷ ስለ ምኑ ይቅር እንደምትባል አላሰብኩም፣ ላስብም አላሰብኩም ትለናለች። እዚህ ቦታ ላይ የትልቋ ካምቢሊ ድምፅ በስሱ ይሰማል። ልጅ እያለች ጥያቄው ራሱ አልነበራትም። አሁን የጥያቄውን አለመኖር አየችው። ለእኔ እድገት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚታየው እንዲህ ባሉ ግማሽ ዐረፍተ ነገሮች ነው።

ከሩጫ ንባብ የምታመልጡበት መንገድ ይኸው ነው። ካምቢሊ አንድ ነገር ነግራችሁ ወዲያው ስለ ሌላ ዕቃ ማውራት ከጀመረች ቁሙ። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ግድግዳው ቀለም ስታወራ ከአንድ ነገር እየሸሸች ነው። ከምን እንደሸሸች ፈልጉ።

ጉራ የመሰለው ፍርሃት

ገመና ከውጭ ሲታይ ሌላ ነገር ይመስላል። መጽሐፉ ይህን የሚያሳይበት ቦታ ልቤን ሰብሮታል።

ካምቢሊ ትምህርት ቤት ጓደኛ የላትም። ክፍሉ በሙሉ ጉረኛ ይላታል። ደወል ሲደወል ከማንም ጋር ሳታወራ ወደ በሩ ትሮጣለች፤ ሾፌር ይጠብቃታል። የሀብታም ልጅ፣ እኛን ንቃ ነው ይላሉ። እሷ የምታውቀውን እነሱ አያውቁም። አንድ ቀን ጥቂት ደቂቃ ዘግይታ ነበር። ሾፌሩ ለአባቷ ነገረው። አባቷ ሁለት ጉንጮቿን በአንድ ጊዜ በጥፊ አላት። ከዚያ ወዲህ ትሮጣለች።

ይህን ለጓደኞቿ ብትነግር ይገባቸው ነበር። አትነግርም። ጉረኛ መባልን ትመርጣለች። ሆድ ይፍጀው ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

ድምፅዋም እንደዚያው ነው። ቃል ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ትምህርት ቤት በሰልፍ ላይ ቃል ኪዳኑን አስጀምሪ ስትባል አፏ አይታዘዝላትም። የአክስቷ ልጅ አማካ ስታገኛት የመጀመሪያ ጥያቄዎቿ አንዱ ለምንድን ነው በሹክሹክታ የምታወሪው የሚል ነው። ካምቢሊ በሹክሹክታ እንደምታወራ አታውቅም ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው።

እሷና ጃጃ በዓይን ይግባባሉ። ብዙ ጊዜ በአፍ ከሚናገሩት በዓይናቸው የሚሉት ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማዕድ ላይ እኅትህን ቀና ብለህ አይተህ «ዛሬ አትናገሪ» ማለት ትችላለህ።

ሻዩ

አሁን ስለ ሻዩ። ይህን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ነው ያየሁት።

አባትየው ሻይ ሲጠጣ ልጆቹን ይጠራና ከስኒው አንድ አንድ ጊዜ ፉት እንዲሉ ያደርጋል። የፍቅር ፉት ይለዋል። የምትወደውን ነገር ለምትወደው ታካፍላለህ ይላል። ሻዩ ሁልጊዜ በጣም ትኩስ ነው። የካምቢሊን ምላስ ያቃጥለዋል። እሷ ግን አትጠላውም። ምላሷ ሲቃጠል የአባቷ ፍቅር ወደ ውስጧ እየገባ እንደሆነ ይሰማታል።

አንዲት ልጅ ፍቅርንና ማቃጠልን ለየብቻ ተምራ አታውቅም። በአንድ ስኒ ነው የቀረቡላት። ደራሲዋ ስለ አባትና ልጅ ግንኙነት ረጅም ትንታኔ አትጽፍም፤ ስኒውን ታስቀምጥልናለች። መጽሐፉ ሲያልቅ ይህ ስኒ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

ካምቢሊ አባቷን ትወዳለች። ይህን ሳያዩ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ሲያመሰግናት በደስታ ትቀልጣለች። ከክፍሏ ሁለተኛ በወጣችበት ጊዜ ከቅጣቱ ይልቅ እሱን ማሳዘኗ ያስጨንቃታል። ብዙ አንባቢ በዚህ ይናደዳል። እንዴት አትጠላውም? ይላል። እኔ ግን ደራሲዋ ከእውነት ሳትሸሽ የቀረችበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። የሚደበድብ አባት ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ አባቱን መውደድ አያቆምም። መውደዱ ነው ዝምታውን የሚያጸናው።

አባትየውም ከባዶ የተፈጠረ ጭራቅ አይደለም። ልጅ ሳለ ያሳደጉት ካህን በፈላ ውሃ እጁን እንዴት እንደቀጡት ለካምቢሊ ይነግራታል፤ ለእኔው ጥቅም ነው ይላል። ይህን የሚነግራት የእሷን እግር በፈላ ውሃ ካቃጠለ በኋላ ነው። ጥፋቷ የአባቷ አባት፣ ማለትም በአገሬው ባህላዊ እምነት የሚኖሩት አያቷ፣ በነበሩበት ቤት ማደሯን አለመናገሯ ነበር። የገዛ አባቱን አረማዊ ስለሆኑ ቤቱ አያስገባም። ልጆቹ በገና በዓል አያታቸውን የሚጠይቁት ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ምግባቸውንም እንዳይነኩ ተነግሯቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አባትየው ልጆቹ በሰው ፊት በኢግቦ ቋንቋ እንዲያወሩ አይፈልግም፤ እንግሊዝኛ ነው የሰለጠነ ሰው ቋንቋ። ራሱ ወደ ኢግቦ የሚመለሰው ሲናደድ ነው። ስለዚህ ካምቢሊ የአፏ መፍቻ ቋንቋ ከአባቷ አፍ ሲወጣ ስትሰማ ትደነግጣለች። ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ልጆቻችሁን በእንግሊዝኛ ብቻ የምታሳድጉ፣ ይቺን ቦታ ደግማችሁ አንብቧት።

ንሱካ

የአባትየው እኅት ኢፌኦማ ባሏ የሞተባት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ሦስት ልጆቿን ይዛ ንሱካ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ትኖራለች። ካምቢሊንና ጃጃን ለጥቂት ቀን ላሳርፋቸው ብላ ታመጣቸዋለች። አዲቺ ይህን ቦታ በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1977 ኤኑጉ ተወልዳ ያደገችው ንሱካ ነው። አባቷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። የኖሩበትም ቤት ቀደም ሲል ደራሲው ቺኑዋ አቼቤ የኖረበት ነበር። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር የአቼቤን እ.ኤ.አ. የ1958 ልቦለድ «ቲንግስ ፎል አፓርት»ን ርዕስ ያስተጋባል፤ ለባለውለታ የተሰጠ ሰላምታ ነው።

የኢፌኦማ ቤት ጠባብ ነው። ውሃ ይጠፋል። ቤንዚን የለም። ደመወዝ ይዘገያል። ስጋ በልክ ነው። ግን ይስቃሉ። ማዕድ ላይ እርስ በርስ ይከራከራሉ። ልጅ እናቱን ይሞግታል፤ እናት ትስቃለች። ካምቢሊ ይህን ስታይ አደጋ የመጣ ይመስላታል።

አባታቸው ለእያንዳንዳቸው የሰዓት ፕሮግራም ጽፎ ሰጥቷቸዋል፦ የጥናት፣ የጸሎት፣ የእንቅልፍ። አክስታቸው ወረቀቶቹን ተቀብላ ታስቀምጣቸዋለች፤ እኔ ቤት ዕረፍት ላይ ናችሁ ትላቸዋለች። ጃጃ እዚህ ነው ሐምራዊውን ሂቢስከስ ያየው። ቀዩን ሁሉም ያውቀዋል። ሐምራዊውን የአክስቱ ጓደኛ፣ የዕፅዋት መምህርት፣ በምርምር ያገኘችው ነው። ጃጃ ቅርንጫፉን ወደ ኤኑጉ ይዞ ይመለሳል፤ ግቢያቸው ውስጥ ይተክለዋል። የነፃነት ምልክትነቱ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አላብራራውም።

ይልቅ ሳቁን ተከተሉ። አንድ ቀን ካምቢሊ ትስቃለች። ድምፁን ስትሰማው የሌላ ሰው ሳቅ በካሴት ተቀድቶ የተከፈተ ይመስላታል። ራሷ ስትስቅ ሰምታ ታውቅ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም። 15 ዓመቷ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለምን ተገለበጠ?

መጽሐፉ አራት ክፍል አለው። መጀመሪያ ሆሳዕና፣ ከዚያ ከሆሳዕና በፊት፣ ከዚያ ከሆሳዕና በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አሁን። ረጅሙ ሁለተኛው ነው፤ እሱ በሙሉ ምልሰት ነው። ጃጃ አልቆርብም ያለውን መጀመሪያ እናያለን። ለምን እንዲያ እንዳለ ለማወቅ ወደ ኋላ እንሄዳለን። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ።

ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ክፍል ይመለሳል። ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል ስናነብ ጥያቄያችን ይለወጣል፤ ዝም ያለ ልጅ እንዴት «እምቢ» ማለት ቻለ? የሚለው ይሆናል። ምስጢር አዳኝ አንባቢ በዚህ ይሰለቻል። ገመና የሚያነብ ሰው ግን የሚያስፈልገው በሙሉ እዚህ አለ።

ከበስተጀርባው ያለችው አገርም ዝም የተባለባት ናት። መፈንቅለ መንግሥት ይደረጋል። የአባትየው ጋዜጣ አዘጋጅ አዴ ኮከር ቁርስ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ በደረሰው ፓኬት ውስጥ ባለ ቦምብ ይገደላል። ናይጄሪያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1986 ሌጎስ ውስጥ በቤቱ በተላከለት ቦምብ የተገደለውን ጋዜጠኛ ዴሌ ጊዋን ያስታውሳል። አባትየው የአገሩን ገመና በጋዜጣ ያወጣል፣ የቤቱን ግን በጥፊ ያፍናል። አንድ ሰው ናቸው ሁለቱም። ደራሲዋ ድፍረቱ የውሸት ነው አትለንም፤ እውነተኛ ድፍረት ነው። ይህን ለመሸከም ጊዜ ይወስዳል።

መጨረሻው

ካላነበባችሁት እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል። አንብባችሁ ተመለሱ፤ እጠብቃችኋለሁ።

መጨረሻውን ለመረዳት ወደ አንድ የእሑድ ጠዋት ልመልሳችሁ። ካምቢሊ የወር አበባ ሕመም ይዟታል። ማስታገሻ በባዶ ሆድ አይዋጥም። ስለዚህ ቅዳሴ ሊደርስ ደቂቃዎች ሲቀሩት ኮርንፍሌክስ ትበላለች። ከቁርባን በፊት መጾም ለካቶሊኮች ግዴታ ነው፤ የኛ ኦርቶዶክሳውያን አንባቢዎች የቁርባን ጾም ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። አባት ይገባል፣ ያያል። እናት ታመመች ትላለች። ጃጃ ግን ብይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የሠራሁላት ይላል። አባት ቀበቶውን ይፈታል። ሦስቱንም ይገርፋቸዋል። ከዚያ ያቅፋቸዋል። ቀበቶው አሳመማችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ስናነብ ዓይናችን ቀበቶው ላይ ይቀራል። ሁለተኛ ስናነብ «እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል እንሰማለን። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ንግር ይባላል፤ የሚመጣውን ቀድሞ መጠቆም።

የሚመጣው ይኸው ነው። አባትየው ይሞታል። እናት ሻዩ ውስጥ መርዝ ስትጨምርበት ቆይታለች። ያው ስኒ ነው፣ የፍቅር ፉት ስኒ። ያቺ ዝም ብላ ባሌሪና ስትወለውል የኖረች ሴት። ፖሊስ ሲመጣ ጃጃ እኔ ነኝ ይላል። ለኮርንፍሌክሱ ያለውን ቃል ለግድያው ይለዋል። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይታሰራል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቃላት እንመለስ። ቤተሰቡ ከገመና ወጥቷል ብላችሁ ስታስቡ አዲስ ገመና ተወለደ። ጃጃ የእናቱን ሸፈነ። እናት ለሰው ሁሉ እውነቱን ስትናገር ማንም አያምናትም፤ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶታል ይላሉ። የተገለጠ ገመና እንኳን ሰሚ ካጣ ተሸፍኖ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ጃጃ ጥሩ አደረገ ወይስ አላደረገም? መጽሐፉ አይፈርድም። ጃጃ ከዚያ በፊት እናቴን የበለጠ መጠበቅ ነበረብኝ እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር። እኔ እሱ ሲታሰር የማየው ጀግና ሳይሆን፣ ልጅነቱን በሙሉ የሌላውን በትር ለመቀበል ሲቆም የኖረ፣ ሌላ የመውደጃ መንገድ ያልተማረ ልጅ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ርዕስ ስለ ሌላ ዓይነት ዝምታ ነው። አጭር ነው። ካምቢሊና እናቷ ጃጃን ሊጠይቁ ወደ እስር ቤት ይሄዳሉ። ሊፈታ መሆኑን ይዘውለት ነው የሚሄዱት። ስለ እሱ በብዛት አይነጋገሩም። ግን ካምቢሊ አሁን መኪና ውስጥ የሚከፈተውን ሙዚቃ ትመርጣለች። ከእስር ቤቱ ሲወጡ ለእናቷ ታወራላታለች፤ በሹክሹክታ አይደለም። መጀመሪያ ጃጃን ወደ ንሱካ እንወስደዋለን ትላታለች። ከዚያ አሜሪካ የሄደችውን አክስቷን እንጠይቃለን። ስንመለስ ብርቱካን እንተክላለን፣ ጃጃም ሐምራዊ ሂቢስከስ ይተክላል። ይህን እያለች ትስቃለች። እጇን እናቷ ትከሻ ላይ ታደርጋለች። እናትየዋ ወደ እሷ ዘንበል ትልና ፈገግ ትላለች።